ዛጎሉን አልዘጋ ያለ ክላም፦ ሙቀት ነው ወይስ ካንሰር?

ክላም በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ጤነኛው ሲነኩት ዛጎሉን ጥርቅም ያደርጋል። የታመመው ግን ይዘገያል፤ አንዳንዱም እንደተከፈተ ይቀራል። አሸዋ ውስጥ የሚቀበረው ወደ ላይ ይወጣል። ሥጋው ይገረጣል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ከዚያ ሞቱ ጥቂት በጥቂት ይቀጥላል።

ብዙ አርቢ ቶሎ የሚያሳብበው በሙቀት ነው። ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን እጥረት፣ ባክቴሪያና ጥገኛ ተሕዋስያንም ይህንኑ ምልክት ያመጣሉ። የክላም የደም ሴል ካንሰርም እንዲሁ። ስለዚህ ዛጎል አይቶ መፍረድ አይሆንም፤ ደሙን ማየት ነው።

ዛጎሉን ከሚዘጋው ጡንቻ በቀጭን መርፌ ትንሽ ፈሳሽ፣ ማለትም ደሙን፣ ቅዱ። ካንሰሩ ከገፋ ፈሳሹ ወተት መስሎ ይደፈርሳል። ጠብታውን መስታወት ላይ አድርጉና እንዳይደርቅ ሸፍናችሁ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እዩት። ጤነኛ የደም ሴል መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይዘረጋል። የካንሰሩ ሴል ግን አይጣበቅም፤ ክብ እንደሆነ ይቀራል፣ ኒውክሊየሱም (የሴሉ እምብርት) ትልቅ ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ክቦቹ ጥቂት ስለሆኑ በቀላሉ ያመልጣሉ። የመጨረሻውን ቃል ላብራቶሪ ይስጥ።

መንስኤው ጉድ ነው። ድሮ የሚጠረጠሩት ቫይረስና ብክለት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ክላሞች ላይ የታየው ሌላ ሆነ። የካንሰሩ ዘረመል ከተሸካሚው እንስሳ ጋር አልገጠመም፤ ከተለያዩ ክላሞች የተወሰዱት ካንሰሮች ግን እርስ በርስ አንድ ነበሩ። ማለትም የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሴል ነው! በ2016 ደግሞ የክላም ዘመድ በሆኑ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳት፣ በካናዳ “መስሎች” እና በስፔን “ኮክሎች” ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ከአንዱ ዝርያ ተነስቶ ሌላውን የያዘም አለ። እንስሳቱ ውሃ እያጣሩ ስለሚመገቡ፣ መንገዱ ውሃው እንደሆነ ይታመናል።

መድኃኒት የለውም፤ አለ የሚላችሁን አትስሙ። የሚሠራው መለየት ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ምንም ክላም ወደ ሌላ ቦታ አታዛውሩ፤ ጫጩት ክላምም ቢሆን። የሞተውንና ሊሞት ያለውን ልቀሙና ከባሕሩ አርቃችሁ አስወግዱ። መልሶ ውሃ ውስጥ መወርወር በሽታውን መዝራት ነው። ቅርጫትና መሣሪያ አጥባችሁ አድርቁ። ለገበያ የደረሰውን ጤነኛ ቶሎ ሰብስቡ፣ የቀረው እንዳይጨናነቅ አሳሱት። ለሚቀጥለው ዙር የምትገዙት ጫጩት የተመረመረ ይሁን። ለአካባቢው የውሃ እንስሳት ጤና ባለሥልጣንም አሳውቁ።

ካንሰሩ ሰው ላይ እንደሚተላለፍ የታወቀ ነገር የለም። ቢሆንም ተከፍቶ የቀረ፣ ሲነካም የማይዘጋ ክላም ለገበያ አይወጣም፤ የሞተ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ አይፈጅበትም።