ከበረዶው በፊት ዴካችሁና ፓቲዮአችሁ የሚያሳዩት ምልክት፦ ችግርና መፍትሄ

በሚኒሶታ የመጀመሪያው በረዶ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቢጥል ማንም አይገረምም። ቤት የገዙ ወገኖቻችን ያኔ የሚያስቡት ስለ መኪና ጎማና ስለ ማሞቂያ ነው። ከቤቱ ጋር የተያያዘውን የእንጨት ሰገነት፣ ዴኩን፣ የሚያስታውሰው የለም።

ዴክንና ፓቲዮን፣ ማለትም በሲሚንቶ የተነጠፈውን የጓሮ መቀመጫ፣ የሚጎዳው ግን ቅዝቃዜው ብቻውን ሳይሆን ቀድሞ የገባ ውሃ ነው። ውሃ ሲረጋ፣ ማለትም ወደ በረዶ ሲለወጥ፣ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስንጥቅ ውስጥ ያለው ማታ ረግቶ ይገፋል፣ ቀን ቀልጦ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ማታ እንደገና ይገፋል። ስለዚህ የትኛውንም ምልክት ስታዩ መጀመሪያ ውሃው የገባበትን ቦታ ፈልጉ።

ጣውላው ውሃ ይጠጣል

አንድ ብርጭቆ ውሃ ጣውላው ላይ አፍስሱ። ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከላይ ከቀረ ደህና ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው መከላከያ፣ ሲለር የሚባለው፣ አልቋል። መፍትሄው አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ እንደገና መቀባት ነው። አብዛኞቹ ሲለሮች ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ማታም ጭምር። እዚህ አገር ደግሞ ያ የሴፕቴምበር ሥራ ነው። ካመለጣችሁ በብርድ ቀብታችሁ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ፣ ለጸደይ አቆዩት። አሁን በጣውላዎቹ መሀል የተሰገሰገውን ቅጠል ማውጣት ይበቃል። ቅጠል ውሃ ይይዛል።

መደገፊያው ይነቃነቃል፣ ወይም ዴኩ ከግድግዳው ሸሽቷል

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። መደገፊያው ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቡሎኑ ላልቶ ነው፣ አጥብቁት። አሳሳቢው ዴኩን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘው ጣውላ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሌጀር ቦርድ ይሉታል። ዴክ ሲደረመስ ብዙ ጊዜ የሚለቀው እዚያ ጋ ነው። ከበላዩ ውሃ የሚመልስ ፍላሺንግ፣ ማለትም የታጠፈ ስስ ቆርቆሮ፣ ከሌለ ዝናቡና የቀለጠው በረዶ ከጀርባው ገብቶ ያበሰብሰዋል።

ካቻቢቴ ይዛችሁ ከታች ግቡ። ሌጀሩን፣ የምሰሶዎቹን እግርና የደረጃውን ስር ወጋ ወጋ አድርጉ። ጤነኛ እንጨት ይመልሳችኋል። ጫፉ ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ቀጥሎ ማያያዣዎቹን እዩ። ሌጀሩ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ አደጋ ነው፣ በትልልቅ ቡሎን መታሰር አለበት። ከ2003 መጨረሻ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመ እንጨት አርሴኒኩ ቀርቶ መዳብ በብዛት ይገባበታል። መዳቡ ተራ ብረትን ቶሎ ያዝጋል። ስለዚህ የምትቀይሩት ቡሎን በዚንክ በወፍራሙ የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የበሰበሰ ሌጀር ግን በቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራ አይደለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ አስጠሩ፤ እስኪመጣም ማንም ዴኩ ላይ አይውጣ። «ጓደኛዬ ይሠራልኛል» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ምሰሶው ወይም ደረጃው ከፍ ብሏል

ከስሩ ያለው እርጥብ አፈር ረግቶ ወደ ላይ ገፍቶታል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ የምሰሶ መሠረት 42 ኢንች፣ በሰሜኑ የግዛቱ ክፍል 60 ኢንች እንዲጠልቅ የሚጠየቀው ለዚሁ ነው። ጥልቀት የሌለውን መሠረት ክረምት ላይ ማስተካከል አይቻልም። ለጊዜው የአሸንዳውን ውሃ ከምሰሶዎቹ አርቁት።

የፓቲዮው ሲሚንቶ ይላላጣል

እርጥበትና በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ተጋግዘው ነው። ተራው ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች እምብዛም አይሠራም። ሰው ግን አልቀልጥ ሲለው ይጨምርበታል። አሸዋ በትኑ፤ አያቀልጥም፣ እንዳትንሸራተቱ ግን ይይዛል። የግድ ማቅለጥ ካለባችሁ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን ማቅለጫ በጥቂቱ ተጠቀሙ። ዘንድሮ የፈሰሰ አዲስ ኮንክሪት ላይ ግን ምንም ማቅለጫ አታድርጉ። ስንጥቆቹን ሳይበርድ ድፈኑ።

በጸደይ ቧንቧው ሲከፈት ቤዝመንት ውስጥ ውሃ ይፈስሳል

ከውጭው ቧንቧ ላይ የውሃ ጎማው ሳይነቀል ከርሟል። ውሃው መውጫ አጥቶ ግድግዳው ውስጥ ረግቶ ቱቦውን ሰንጥቋል። «አይረጋም» ተብሎ የተሸጠ ቧንቧም ጎማ ከተሰካበት አይተርፍም። ንቀሉ፣ የውስጡን ቫልቭ ዝጉ፣ የውጭውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ።

በረዶ ሲጠረግ ጣውላው ይቧጨራል

አካፋው ብረት ነው፣ ወይም የተገፋው በጣውላዎቹ አግድም ነው። የፕላስቲክ አካፋ ይዛችሁ በጣውላው ርዝመት ግፉ፤ የተጣበቀውን በረዶ አትፈልፍሉት። ጤነኛ ዴክ ተራ በረዶ ይሸከማል፣ እስከ እንጨቱ ድረስ መጥረግም አያስፈልግም። በረዶውን ስትጥሉ ግን የማሞቂያው ጭስ መውጫ ላይ እንዳትከምሩት። ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ፣ ወደ ቤት ይመለሳል።

የከሰሉም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ ብለን ቡና የምንቆላውና ሥጋ የምንጠብሰው ዴክ ላይ ነው። ሲበርድ ምድጃውን ጋራዥ ማስገባት ያምራል፤ በሩ ገርበብ ቢልም አታድርጉት። አመዱም ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፣ ከእንጨቱ ርቆ ይቀመጥ። የፕሮፔን ሲሊንደሩ ደግሞ ተዘግቶ ውጭ ይክረም።