የጠፋ የማሽተት ስሜት እንዲመለስ አፍንጫን እንዴት ማለማመድ ይቻላል

ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ትይዩ፣ ጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ ስስ የማሽተቻ ሽፋን አለች። እዚያ ያሉት ነርቮች ሲሞቱ ከሥራቸው ባሉ መሠረታዊ ህዋሳት ይተካሉ፤ ይህ በሰውነታችን ነርቮች ዘንድ ብርቅ ነው። አዲሱ ነርቭ ግን በሳምንታት ውስጥ እየበሰለ ሳለ ክሩን እንደ ወንፊት በተበሳሳው አጥንት አሾልኮ አንጎል ጋር ማድረስ አለበት። ጉንፋንና ኮቪድ በአብዛኛው የሚጎዱት ሽፋኑን ነው። የጭንቅላት ምት ክሮቹን አጥንቱ ላይ ይበጥሳል፣ ጠባሳውም መንገዱን ይዘጋል፤ ስለዚህ ከአደጋ በኋላ ተስፋው ያነሰ ነው።

በመጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። አፍንጫው በፖሊፕ (ውስጡ በሚበቅል ለስላሳ እብጠት) ወይም በሳይነስ ከተዘጋ የማሽተት ልምምዱ ብቻውን አይበቃም።

ቀጥሎ አራት ሽታ ይዘጋጅ። በጀርመን የድሬስደኑ ተመራማሪ ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የተጠቀሙት ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ነበር። ወሎ ውስጥ ከጽጌረዳው በቀር ሌላው አያስቸግርም፤ በእሱ ቦታ አሪቲ ወይም ለፀጉር ቅቤ የሚገባው አደስ ይሆናል። ቅርንፉዱን ሰባበር፣ የሎሚውን ልጣጭ ፋቅ፣ የባሕር ዛፉን ቅጠል ጨምድድ አድርጎ ክዳን ባላቸው አራት ትንንሽ ብልቃጦች ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ልጣጩና ቅጠሉ ቶሎ ስለሚያረጁ በየሁለት ቀኑ ይቀየሩ።

ጠዋትና ማታ ብልቃጡን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ ለ20 ሰከንድ ያህል በቀስታ፣ አጠር አጠር አድርጎ ማሽተት። በኃይል መሳብ ጥቅም የለውም። ያን ጊዜ ሽታው ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር በሐሳብ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ምንም ባይሸትም። ግማሽ ደቂቃ አርፎ ወደሚቀጥለው። ቢያንስ 12 ሳምንት፤ ነርቩ ገና ሳይበስል ቶሎ ማቆም አይገባም። ከ12 ሳምንት በኋላ ሽታዎቹን በኮረሪማ፣ በበሶብላ፣ ከደጋ በሚወርደው ጦስኝና በቡና መለወጥ ይቻላል።

በርበሬ ወይም የሽንኩርት ጭስ አስነጠሰኝ ብሎ ተሻለኝ ማለት ስህተት ነው። ማቃጠሉን የሚያደርሰው የፊት ስሜት ነርቭ እንጂ የሽታው አይደለም። የዕጣን ጭስ መታጠን፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብም የተጎዳውን ሽፋን ይለበልባል።

በመካከሉ አቦሉ እንደ ተቃጠለ ጎማ፣ ሥጋውም እንደ በሰበሰ ሊሸት ይችላል። ቤተሰብ ቡናዬን ነቀፈ ብሎ ባይቀየም ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዲሶቹ ነርቮች ገና ግንኙነታቸውን አለማስተካከላቸው ነው፣ ልምምዱም አይቆምም። ለውጡ በወራት ይቆጠራል፣ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል።

እስከዚያው የቡታ ጋዝ ማያያዣ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አረፋው ካበጠ ጋዙ እያፈሰሰ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካንዱ አፍንጫው እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከተንጠባጠበበት ግን የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።