የኮሌስትሮል ውጤት ስትቀበሉ ድምሩን ብቻ አትዩ

ቱሉ ዲምቱም ሁኑ ኮዬ ፈጬ፣ ሰፈር ውስጥ ካለ ላብራቶሪ የኮሌስትሮል ወረቀት ስትቀበሉ ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትዘናጉም። ቀድማችሁ ኤልዲኤል (LDL) የሚለውን፣ መጥፎው የሚባለውን ኮሌስትሮል ፈልጉ። ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ የሚያጠብበው እሱ ነው። በሚሊግራም ሲጻፍ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ሐኪሙ ከ70 በታች እንዲወርድ ሊፈልግ ይችላል። ኤችዲኤል (HDL)፣ ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ተቃራኒው ነው፤ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ሲያንስ ነው የሚያሳስበው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም፣ አንዳንዱ በሚሊሞል ስለሚጽፍ ጠቅላላው 5.2 ሲል "ኧረ ትንሽ ናት!" ብላችሁ እንዳትዝናኑ፣ በሚሊግራሙ 200 ገደማ ነው።

ትራይግሊሰራይድም (ሌላው የደም ውስጥ ስብ) የሚታይላችሁ ከሆነ ሳትበሉ መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየት ነው የሚባለው። ውሃ ይቻላል፣ ማኪያቶ አይቻልም። ደግሞ ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ሳትቀምሱ ቆይታችሁ መጨረሻው ላይ ከተመረመራችሁ ቁጥሩ ከወትሮው ዝቅ ሊል ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ኑሯችሁ ሌላ ነው መቼስ።

ቀጭን ነኝ ማለት አያድንም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመቷ በፊት የልብ ሕመም ከያዛቸው ሳትጠየቁ ተናገሩ። ግፊትና ስኳራችሁንም እዚያው ተለኩ፤ ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አይቶ ነው።