ትክክለኛውን ሽራይክ ከስም ተጋሪዎቹ እንዴት መለየት ይቻላል?

ሽራይክ የሚለው ስም እርስ በርስ በቅርብ በማይዛመዱ ብዙ ወፎች ላይ ተለጥፏል። አፍሪካ ውስጥ ቡሽ ሽራይክና ሄልሜት ሽራይክ አሉ፤ ኩኩ ሽራይክ ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያ ይገኛል፤ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካዎች ደግሞ አንት ሽራይክ ይኖራል። ትክክለኛዎቹ ሽራይኮች ላኒዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ30 ዝርያዎች በላይ ነው፤ አብዛኞቹ ላኒየስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ።

ልየታውን ከቀለም አትጀምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቀድማችሁ ወፉ የተቀመጠበትን ቦታ ተመልከቱ። ሽራይክ ገላጣ ቦታ ይወዳል፦ የቁጥቋጦ አናት፣ የሽቦ አጥር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መሬቱን ይቃኛል፣ ወርዶ ፌንጣ ወይም ጢንዚዛ ይይዛል፣ ከዚያም ወደዚያው መቀመጫ ወይም ወደ ቅርቡ ይመለሳል። ከ30 እስከ 40 ሜትር ርቃችሁ በ8 በ42 ባይኖኩላር (8 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳይ የርቀት መነጽር) አሥር ደቂቃ ያህል ብትጠብቁ ይህን ምልልስ የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ምንቃሩን እዩ። ወፍራምና አጭር፣ ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ከቁልምሙ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በላይኛው ምንቃር ጠርዝ ላይ ጥርስ የመሰለ ሹል አለ፤ ፋልኮን የሚባሉት አዳኝ ወፎችም ይህ አላቸው። ሽራይክ በዚህ ሹል የአይጥ ወይም የእንሽላሊት አንገት ነክሶ ይገድላል። እግሩ ግን እንደ ጭልፊት ጠንካራ ስላልሆነ ትልቅ አደን በጥፍሩ ይዞ መበለት ይቸግረዋል። ስለዚህ ያደነውን እሾህ ወይም ባለ እሾህ ሽቦ ላይ ሰክቶ፣ ወይም ቅርንጫፍ መንታ ላይ ቀርቅሮ፣ እየጎተተ ይቦጫጭቀዋል። የተረፈውን እዚያው ያቆየዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ሎገርሄድ ሽራይክ መርዛማ ፌንጣ ሰክቶ መርዙ እስኪዳከም አንድ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ይበላል፤ እጅግ የሚደንቅ ጥበብ ነው።

ስለዚህ ወፉ ቢሰወርባችሁም በአካባቢው ያሉትን እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ፈትሹ። የተሰካ ነፍሳት ካገኛችሁ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ግን ለብቻው አይበቃም፤ የአውስትራሊያው ቡቸርበርድ ሌላ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ እሱም አደኑን ይሰካል፣ ይቀረቅራል። በመቀመጫው ሥርም የጢንዚዛ ክንፍና የአጥንት ስብርባሪ ያለበት ድብልብል ነገር ሊገኝ ይችላል፤ ሽራይክ ሊፈጨው ያልቻለውን በአፉ ይተፋዋልና። የተሰካውን አትንኩ፤ ምግቡ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ከሁሉ የሚያደናግሩት ትክክለኛ ሽራይክ የሆነው ፊስካል ሽራይክና ትክክለኛ ሽራይክ ያልሆነው ቡቡ ናቸው። ሁለቱም ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጣ ያሉ፣ ነጭ መስመር ያለባቸው። ከኋላ በኩል እዩአቸው። የፊስካሉ ነጭ ከሁለቱ ትከሻዎች ተነስቶ ጀርባው ላይ የተገለበጠ ጎጆ ጣሪያ ይመስላል፤ ረጅምና ቀጭን ጅራቱም በጠርዙ ነጭ ነው። የቡቡ ነጭ ክንፉን ተከትሎ ይሄዳል፣ ጅራቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ቡቡ ከቡሽ ሽራይኮች ወገን በመሆኑ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሹለክልኮ ነው የሚኖረው። ድምፁንም አድምጡ፦ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ሲዘምሩ ፍጥነታቸው የአንድ ወፍ ድምፅ ያስመስለዋል። በድምፅ ብቻ የሚቆጥር ሰው ጥንዱን አንድ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

የቀሩት ይቀላሉ። ሄልሜት ሽራይክ በቡድን ከዛፍ ዛፍ ይዘዋወራል፤ ግንባሩ ላይ ወደ ፊት የቆመ ላባ፣ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ደግሞ በዓይኑ ዙሪያ ባለ ቀለም ቆዳ አለ። ቡድን መሆኑን ብቻ ግን አትመኑ፤ ነጭ አናት ያለው ሽራይክ ትክክለኛ ሽራይክ ሆኖም በቡድን ይኖራል። ኩኩ ሽራይክ ኩኩም ሽራይክም አይደለም፤ የዛፍ ቅጠል መካከል ቀስ እያለ አባጨጓሬ ይለቅማል። አንት ሽራይክ ከጫካ ጥላ ብዙም አይወጣም።

ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጥቁሩ የዓይን ጭምብል ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን የቀይ ጀርባ ሽራይክ ሴት ቡናማ ናት፣ ጥቁር ጭምብልም የላትም። ጫጩትነቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣትም ደረቱና ጎኑ ላይ እንደ ሞገድ የተሰመሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይኖሩታል፣ ጭምብሉም ይደበዝዛል። እንዲህ ሲሆን ወደ ምንቃሩና ወደ አቀማመጡ ተመለሱ።

ፎቶ ስታነሱ ሦስት ነገር አትርሱ፦ ጭንቅላቱን ከጎን፣ ጀርባውን ከኋላ፣ ሲበር ደግሞ የተዘረጋውን ጅራት። በጎጆ ወቅት ወፉ ጅራቱን እያወዛወዘ ደጋግሞ ከጮኸ ጎጆው ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ።