የድሮው ነው አዲሱ ጌም ፈጠራ ያለው? በጆይስቲክ የሚለይበት ዘዴ

ጅማ፣ ሂርማታ ያለው ጌም ቤቴ ውስጥ ሳይነሳ የማይመሽ ክርክር አለ። አንዱ «የአሁኑ ጌም ግራፊክስ ብቻ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዝም በል፣ ትዝታ ይዞህ ነው» ብሎ ይመልስለታል። በአፍ አያልቅም። በጆይስቲክ ግን ያልቃል፤ እንዲህ አድርጉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አዲሱን ጌም አስር ደቂቃ ተጫወቱና እጃችሁ የሠራውን ብቻ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ዘለለ፣ ተኮሰ፣ ተደበቀ፣ ሰበሰበ። ከዚያ ተመሳሳይ የድሮ ጌም ከፍታችሁ እንደዚያው ጻፉ። ዝርዝሩ አንድ ከሆነ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ፒኤስ 2 (ፕሌይስቴሽን 2) ላይ የድሮውን የኳስ ጌም ፔስን ተጫውቶ ያደገ ልጅ የዘንድሮውን የኳስ ጌም ይዞ ወዲያው ጎል የሚያገባው ለዚህ ነው።

አዲስ ሁሉ ባዶ ነው የሚሉትን ግን አልሰማቸውም። ስዊች (የኒንቴንዶ ጌም ማሽን) ያለው ሰው ካገኛችሁ የ2017ቱን «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሞክሩ፤ ሣር አቃጥላችሁ በሚነሳው ነፋስ ወደ ላይ ትንሳፈፋላችሁ፣ መብረቅ ሲመጣ የብረት ሰይፋችሁን ጠላት አጠገብ ትጥሉለታላችሁ። በ2024 የወጣው «ባላትሮ» ደግሞ አንድ ሰው የሠራው የካርታ ጌም ነው፤ የፖከርን ሕግ በጆከር እያጣመመ ሰዓት ያስረሳል።

ስታወዳድሩ ሁልጊዜ ከድሮው ጀምሩ። ገልብጣችሁ ከሄዳችሁ የድሮው ፈጠራ አይታያችሁም፤ ዛሬ ሁሉም ለምዶታልና። አዲሱ «ኤልደን ሪንግ» ላይ የጆይስቲኩን የቀኝ ዘንግ ጫን አድርጋችሁ እይታችሁን ጠላት ላይ የምትቆልፉትን፣ በ1998 «ኦካሪና ኦፍ ታይም» በአንድ በተን ሲሠራው ጉድ የተባለ ነገር ነበር።

እኔ በጣም የምወደው ፍተሻ ግን «ምን ቸግሯቸው ነው እንዲህ ያደረጉት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የ1985ቱን «ሱፐር ማሪዮ» ክፈቱና ደመናውን ከቁጥቋጦው ጋር አስተያዩ፤ አንድ ሥዕል ነው፣ ነጩን አረንጓዴ አድርገውት ነው። ቦታ ቸግሯቸው ነው፣ ጌሙ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነበር፤ በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። «ስፔስ ኢንቬደርስ» (1978) ላይ ጠላት ባለቀ ቁጥር የቀሩት የሚፈጥኑት፣ ማሽኑ የሚስለው ስለሚቀንስለት ነው። ሠሪው ኒሺካዶ ይህን አይቶ አላረመውም፤ እንዳለ ተወው፣ የጌሙ ዋና ጭንቀትም እሱ ሆነ። የ1999ኙ «ሳይለንት ሂል» ጉምም ፒኤስ 1 ሩቁን መሳል ስላቃተው የመጣ መሸፈኛ ነው፤ ያለ ጉሙ ማን ይፈራዋል? አዲሱን ጌምም ይህንኑ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ቦታ ተርፎታላ።

አንድ የቴክኒክ ነገር፦ ፒኤስ 2 ፍላት ቲቪ ላይ ስትሰኩ የቲቪውን ጌም ሞድ አብሩ። ካልበራ ምስሉ ከጣታችሁ ወደኋላ ይቀርና ድሮውን ያለ ጥፋቱ ትወቅሱታላችሁ። መብራት እንደሁ ታውቁታላችሁ፤ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ።