የዴስክቶፕ ወይስ የዎርክስቴሽን ፕሮሰሰር? ከመግዛትዎ በፊት ሥራዎን ይለኩ

ለአርክቴክቸር፣ ለኢንጂነሪንግ ወይም ለቪዲዮ ሥራ ኮምፒውተር ለመግዛት አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ብዙ ጊዜ ምርጫው በሁለት ዕቃዎች መካከል ይወድቃል። አንደኛው ኮር አይ5 ወይም ራይዘን የተገጠመለት ተራ ዴስክቶፕ ነው። ሌላኛው ዚዮን (የኢንቴል የዎርክስቴሽንና የሰርቨር ፕሮሰሰር) የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ ኬዙ የሚከብድ፣ ያገለገለ ኤችፒ ዜድ440 ወይም ዴል ፕሪሲዥን ነው። ሻጩ «ይሄኛው 14 ኮር ነው፣ ያኛው 6 ብቻ» ይላል። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚያሰላ ክፍል ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ከቁጥሩ የሚደረስበት ውሳኔ ግን ብዙውን ጊዜ ገዢውን ይጎዳል።

የዎርክስቴሽን ፕሮሰሰር የሚገዛው ለሦስት ነገር ነው፦ ለኮር ብዛት፣ ብዙ ራም ለመሸከምና በፍጥነት ለማመላለስ፣ እንዲሁም ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ ከፕሮሰሰሩ ጋር ለሚገናኙባቸው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ብዛት። ለእነዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውና ሙቀቱ ይጨምራል። ሦስቱንም የማይጠቀም ሰው ለሥራው የሚዘገይ ማሽን በውድ ይገዛል።

መጀመሪያ አሁን ያለዎትን ማሽን ይለኩ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን መርጠው ግራፉ ላይ በቀኝ ክሊክ ያድርጉና ቼንጅ ግራፍ ቱ፣ ቀጥሎም ሎጂካል ፕሮሰሰርስ የሚለውን ይምረጡ። አሁን እያንዳንዱ ትሬድ (ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሥራ ተራ) ለብቻው ይታያል። ከዚያ በየቀኑ በጣም የሚያስጠብቅዎትን ሥራ ያስጀምሩ፤ ትልቁን ፋይል መክፈት፣ ሬንደር ወይም የስትራክቸር አናሊስስ ሊሆን ይችላል። ለናሙና የተሠራ ትንሽ ፋይል አይጠቀሙ፤ የሚያሳየው የተሳሳተ ነገር ነው።

8 ኮርና 16 ትሬድ ባለው ማሽን ላይ ጠቅላላ አጠቃቀሙ ከ6 እስከ 10 በመቶ ቆሞ እርስዎ እየጠበቁ ከሆነ፣ ሥራውን የያዘው አንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ 100 ለ16 ሲካፈል 6 ገደማ ይመጣልና። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር አንዱም ግራፍ ሙሉ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ይመልከቱ። እንዲህ ላለው ሥራ ኮር መጨመር ምንም አይፈይድም። ሁሉም ግራፎች ለብዙ ደቂቃ 100 በመቶ ላይ ከቆዩ ግን ተጨማሪ ኮር ጊዜ ይቆጥባል። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ከነጭራሹ የፕሮሰሰር አይደለም፤ መጀመሪያ ራም ይጨምሩና እንደገና ይለኩ። የግራፊክስ ካርዱ ግራፍ ብቻ ሞልቶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ከፈታ ደግሞ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ግራፊክስ ካርዱ ነው።

ሶፍትዌሮቹ በዚህ ረገድ በጣም ይለያያሉ። አውቶካድና ስኬችአፕ ላይ መሣል በአብዛኛው የአንድ ኮር ሥራ ነው። ሬቪትም አንዳንድ ትእዛዞችን ለብዙ ኮር ቢያካፍልም ሞዴሉን ሲያሻሽሉ የሚጠብቁት ባመዛኙ አንዱን ኮር ነው። ቪሬይና ኮሮና፣ እንዲሁም በፕሮሰሰር የሚሠራው የብሌንደር ሳይክልስ ያገኙትን ኮር ሁሉ ይጠቀማሉ። ሉሚየን፣ ኢንስኬፕና ዲ5 ሬንደር የሚደገፉት በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው፤ ለእነሱ ሲባል ዚዮን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለቪዲዮ ኤዲተር ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ጉዳይ አለ። ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች፣ ግራፊክስ አብሯቸው ካለ፣ አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹትን ባለ 10 ቢት 4:2:2 ኤችኢቪሲ ቪዲዮ በሃርድዌር ይፈታሉ። ዚዮን ደብልዩ 2400 እና 3400ም ሆኑ የኤኤምዲ የዎርክስቴሽን ፕሮሰሰር የሆነው ትሬድሪፐር በውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም። ከስሙ ጫፍ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰርም እንዲሁ ስለሆነ፣ ኤዲተር ከሆኑ ኤፍ ያለበትን አይግዙ።

ኮር ሲጨምሩ ምን ያህል ያተርፋሉ?

ይህንን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ከሥራው 80 በመቶው ለብዙ ኮር የሚከፋፈል፣ 20 በመቶው ግን የግድ በአንድ ኮር የሚሄድ ነው እንበል። በ16 ኮር ሥራው በ4 እጥፍ ይፈጥናል። በ64 ኮር 4.7 እጥፍ ብቻ ነው። አራት እጥፍ ኮር ገዝተው ያገኙት ጭማሪ ከአንድ እጥፍ በታች ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የብዙ ኮር ፕሮሰሰር የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ስለሚያንስ ያ 20 በመቶ ራሱ ይጎተታል። ሥራው እንደ ሬንደር 99 በመቶ የሚከፋፈል ከሆነ ግን 16 ኮር ወደ 14 እጥፍ፣ 64 ኮር ደግሞ ወደ 39 እጥፍ ያደርሳል። ዎርክስቴሽን ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፦ ራይዘን 9 9950ኤክስ 16 ኮር፣ እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ነው። ሲወጣ ዋጋው 649 ዶላር ነበር። ትሬድሪፐር 7960ኤክስ 24 ኮር፣ እስከ 5.3 ጊጋኸርዝ፣ 1,499 ዶላር፤ ባለ 64 ኮሩ 7980ኤክስ ደግሞ እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ፣ 4,999 ዶላር ነበር። ይህ የአሜሪካ የመነሻ ዋጋ ነው፤ የትሬድሪፐር ማዘርቦርድ፣ ራምና ማቀዝቀዣም ከዴስክቶፑ በጣም ይወደዳሉ። በ16ና በ24 ኮር መካከል ያለው ልዩነት ለኮሩ ሲባል ብቻ ይህን ያህል ወጪ አያስወጣም። 7960ኤክስን የሚገዛ ሰው በዋናነት ራሙንና መስመሮቹን ፈልጎ መሆን አለበት።

ራምና መስመሮች

የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሁለት የራም ቻናል፣ ማለትም ከራሙ ጋር ውሂብ የሚያመላልስበት መንገድ፣ አለው። ዲዲአር5 5600 ሲገጠምለት በሴኮንድ 89.6 ጊጋባይት ያመላልሳል። ትሬድሪፐር በ4 ቻናል ዲዲአር5 5200 ይዞ 166.4 ይደርሳል፤ ትሬድሪፐር ፕሮ በ8 ቻናል 332.8። ለሥዕል ሥራና ለአብዛኛው ሬንደር ይህ ልዩነት እምብዛም አይሰማም። እንደ አንሲስ ፍሉዌንት ያለ የፈሳሽ ፍሰት ስሌት ግን ኮሮቹን በውሂብ ጥበቃ ያስቆማቸዋል፤ በሁለት ቻናል ላይ 16 ኮር ቢኖርዎትም ከግማሽ በላይ ያሉት የሚጨምሩት ፍጥነት ጥቂት ነው።

መስመሮቹን በጣትዎ ይቁጠሩ። አንድ ግራፊክስ ካርድ 16 መስመር፣ አንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ 4 መስመር ይወስዳል። 9950ኤክስ ለዕቃ የሚሰጠው 24 ነው፤ ስለዚህ አንድ ካርድና ሁለት ኤስኤስዲ ይሞሉታል። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ከገጠሙ እያንዳንዳቸው በ8 መስመር ለመሥራት ይገደዳሉ። ሦስትና አራት ካርድ ጭነው ትልቅ የኤአይ ሞዴል ለማሠልጠን ወይም ለሬንደር ከፈለጉ ዴስክቶፕ አይበቃዎትም፤ ትሬድሪፐር ፕሮ 128፣ ዚዮን ደብልዩ 3400 ደግሞ 112 መስመር አላቸው።

ስሕተት የሚያርም ኢሲሲ ራም ለመፈለግ ብቻ ወደ ዎርክስቴሽን መሄድ ግን የግድ አይደለም። ራይዘን 9000 ማዘርቦርዱ ከደገፈው ይቀበላል፤ ኢንቴልም ደብልዩ680 እና ደብልዩ880 በተባሉት ቺፕሴቶች ላይ ይደግፋል። በተራ ዲዲአር5 ላይ «ኦን ዳይ ኢሲሲ» ተብሎ የሚጻፈው ግን ይህን አይተካም፤ የሚያርመው በቺፑ ውስጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ብቻ ነው።

ያገለገለው ዚዮን

ብዙ አንባቢ የሚጨነቀው በዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። በዜድ440 ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፦ 14 ኮር፣ 28 ትሬድ፣ መነሻው 2.4፣ ከፍተኛው 3.3 ጊጋኸርዝ፣ 120 ዋት። ከኮር አይ5 12400 ጋር ሲወዳደር፣ 6 ኮር ያለው አይ5 በአንድ ኮር ሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ ሁሉም ኮሮች በሚሠሩበት ሬንደር ደግሞ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አውቶካድና ሬቪት ላይ ለሚውል ሰው ውሳኔው አያጠራጥርም፤ አይ5 ይግዛ።

ዚዮኑ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። 4 የራም ቻናል፣ 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 መስመርና 8 የራም ማስገቢያ አለው። ያገለገለ ዲዲአር4 ሬጂስተርድ ራም (ለሰርቨርና ለዎርክስቴሽን የሚሠራው ዓይነት) ከዴስክቶፕ ራም ብዙ ጊዜ ስለሚረክስ 128 ጊጋባይት መሙላት አይከብድም። በድሮን የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ወደ ካርታ ለሚቀይር፣ ወይም ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሣ ሰው ጥሩ ግዢ ነው።

ከወሰኑ እንዲህ ይምረጡ። ሥዕልም ሬንደርም የሚቀላቅሉ ከሆነ በዚያው ማሽን ላይ ኢ5-1650 ቪ4ን ይፈልጉ፤ ኮሩ 6 ቢሆንም ከ3.6 እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ ይሄዳል። ከስሙ ጫፍ ቪ2 ያለበትን ወይም ምንም የሌለበትን አይንኩ። እነዚያ ኤቪኤክስ2 የሚባለው ትእዛዝ ስለሌላቸው አንዳንድ አዲስ ሶፍትዌር አይነሣባቸውም። ቪ4ን ጨምሮ ሁሉም ኢ5ዎች ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውጪ ናቸው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ፓወር ሰፕላዩ የፋብሪካው የራሱ ሥሪት ስለሆነ ሲቃጠል ተራ ኤቲኤክስ ቀጥታ አይገጥምም፤ መለዋወጫው መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። የግራፊክስ ካርድ ገመዱም ባለ 8 ፒን ላይሆን ይችላል።

ግዢው ላይ የሚበላሸው

ራይዘን 7000 እና 9000 ላይ አራት ራም ሲሰኩ ኤኤምዲ ዋስትና የሚሰጠው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል፤ በሁለት ራም ግን 5200 እና 5600 ነው። ስለዚህ 96 ጊጋባይት ከፈለጉ አራት ባለ 24 ሳይሆን ሁለት ባለ 48 ይግዙ። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ራሙን እያጠና ስለሆነ አያጥፉት።

ሬጂስተርድ ራም ለዎርክስቴሽን፣ ተራው ለዴስክቶፕ ነው። በዲዲአር4 ዘመን ሬጂስተርዱ ዴስክቶፕ ላይ ይገባል ነገር ግን አያስነሣም፤ በዲዲአር5 ከነጭራሹ አይገባም።

ያገለገለ ትሬድሪፐር ፕሮ ለብቻው ከገዙ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች ፕሮሰሰሩን ከራሳቸው ማዘርቦርድ ጋር በቋሚነት ስለሚያቆራኙት በሌላ ቦርድ ላይ አይነሣም፤ መፍቻም የለውም። ክዳኑ ላይ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የተጻፈበት ዚዮን የሙከራ ናሙና ነው፤ ፍጥነቱ ሊያንስ፣ ባዮሱም (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ሶፍትዌር) ላያውቀው ይችላል።

የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ አይ7 እና አይ9 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ የሚጎዱበት ችግር ነበረባቸው። ኢንቴል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው የተጎዳውን አያድንም፤ ስለዚህ ያገለገለ 13900ኬ ወይም 14900ኬ ያለ ዋስትና አይግዙ። አዲሱን ሲገዙም ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ባዮሱን አዘምነው ኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስን ይምረጡ።

ሙቀትና መብራት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ለ250 ዋት ፕሮሰሰር «እስከ 250 ዋት» የተባለ ማቀዝቀዣ በቂ ነው ብለው አይቀበሉ፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ።

ዩፒኤሱንም ከፕሮሰሰሩ ጋር አብረው ያስሉ። 350 ዋት ትሬድሪፐር፣ 300 ዋት ግራፊክስ ካርድና 100 ዋት ለቀረው ድምሩ 750 ዋት ነው። ርካሽ ዩፒኤሶች ከተጻፈባቸው የቪኤ (ቮልት አምፔር) ቁጥር 60 በመቶ ያህሉን ብቻ በዋት ስለሚሰጡ 1,250 ቪኤ ዝቅተኛው ነው፤ 1,500 ወይም ከዚያ በላይ ይግዙ፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሱቅ የሚሸጠው 650 ቪኤ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው የሚሆነው። ሌሊቱን ለሚያድር አኒሜሽን ደግሞ ውጤቱን በአንድ ቪዲዮ ሳይሆን በተከታታይ ምስሎች ያስቀምጡ። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው በመሠራት ላይ የነበረው አንዱ ምስል ብቻ ይሆናል፤ ሲመለስም ከዚያው ይቀጥላሉ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

በፍላሽ ሲፒዩ-ዜድ፣ ኤችደብልዩኢንፎና ሲኒቤንች አር23 ይዘው ይሂዱ። በሲፒዩ-ዜድ የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን ቻናል ያረጋግጡ፤ 4 ቻናል ያለው ማሽን በሁለት ራም ብቻ ከተሸጠ ግማሽ አቅሙ ተኝቷል። ሲኒቤንችን ለ30 ደቂቃ ያስኪዱና በኤችደብልዩኢንፎ ሙቀቱንና ጊጋኸርዙን ይከታተሉ። በመጀመሪያው ደቂቃ የነበረው ፍጥነት በ20ኛው ደቂቃ በግልጽ ከወረደና ሙቀቱ ከጣሪያው ከደረሰ፣ ቴርማል ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው አቧራ ይዟል። ይህ የሚጠገን ነው፤ ሻጩ ቀይሮ እንደገና ያሳይዎት። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ከተነሣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ ግን ቅናሽ አይደራደሩ፤ ሌላ ይፈልጉ። በመጨረሻ በየቀኑ የሚሠሩበትን ያንኑ ከባድ ፋይል እዚያው ይክፈቱና ቤት ካለው ማሽንዎ ጋር በሰዓት ያነጻጽሩ።