የኔቡላና የጋላክሲ ፎቶ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የሌሊቱን ሰማይ በራሳቸው ካሜራ የሚያነሱ ሰዎች «ምን ይጎድለዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚልኩልኝ ቀለሙ ተስተካክሎና ጎልቶ ያለቀለትን ምስል ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ምስል ጉድለቱን ማየት ቢቻልም ምንጩን ማግኘት ይከብዳል፤ በካሜራው መቆሚያ ላይ የተፈጠረ ስሕተት በኮምፒውተር ከተሸፈነ በኋላ የማቀናበር ስሕተት ይመስላልና። ስለዚህ አስተያየት የሚፈልግ ሰው ካለቀው ፎቶ ጋር ምንም ያልተነካ አንድ ጥሬ ፍሬም፣ ማለትም ተደራርበው ምስሉን ከሚሠሩት ነጠላ ፎቶዎች አንዱን፣ ይላክ፤ የሌንሱን የትኩረት ርቀት፣ የእያንዳንዱን ፍሬም የመጋለጫ ጊዜና የፍሬሞቹን ብዛትም ይጻፍ። ያን ጊዜ አስተያየት ሰጪው መገመቱን ትቶ በማስረጃ መናገር ይችላል።

ኮከቦቹ ክብ አይደሉም

ጥሬውን ፍሬም መቶ በመቶ አጉልተው ሲመለከቱ፣ ኮከቦቹ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ድቡልቡል መሆናቸው ቀርቶ እንደ ስንዴ ፍሬ ከረዘሙ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ወዴት እንደረዘሙ ነው። በመካከልም በማዕዘኖቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተዘረጉ መንስኤው የምድር መዞር፣ ነፋስ ወይም የመቆሚያው አለመስተካከል ነው። የመካከሎቹ ክብ ሆነው የማዕዘኖቹ ብቻ ጭራ ካወጡ ጉድለቱ የሌንሱ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ ከ1.8 ወደ 2.8 ወይም ወደ 4 ማጥበብ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) አብዛኛውን ያስተካክለዋል። በአንድ ነጥብ ዙሪያ እንደ ቀለበት ስባሪ ከጎበጡ ደግሞ ፍሬሙ ሲነሳ ሰማዩ በካሜራው ፊት ዞሯል ማለት ነው፤ ይህ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ በሚንቀሳቀሱ መቆሚያዎች የተለመደ ስለሆነ የመጋለጫ ጊዜውን ማሳጠር ያስፈልጋል። ጥሬው ፍሬም ላይ ክብ ሆነው ከተደራረቡ በኋላ ብቻ ከረዘሙ ግን ካሜራው ንጹሕ ነው፤ የተበላሸው ፍሬሞቹ ሲገጣጠሙ ነው።

ሰማዩን በማይከተል ተራ ትራይፖድ የሚያነሱ ሰዎች 500ን ለትኩረት ርቀቱ አካፍለው ሰከንዱን ያገኛሉ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ 10 ሰከንድ ይሆናል። ሕጉ የተለመደ ቢሆንም ለዛሬ ካሜራዎች እጅግ ለጋስ ነው። በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ በሚታሰበው መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይጓዛል (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)፤ የካሜራው ፒክስል 4 ማይክሮን ቢሆን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንዱ ፒክስል 16 አርክ ሰከንድ ከግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ኮከቡ ዘጠኝ ፒክስል ያህል ይሮጣል። የኦሪዮን ቀበቶ፣ ማለትም በአንድ መስመር የተሰለፉት ሦስት ኮከቦች፣ የሚገኘው በሰማይ ወገብ ላይ ነው ለማለት በሚያስደፍር ቅርበት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ይህ የሰማይ ክፍል ስሕተትን ከማይምሩት ውስጥ ነው። ሰከንዱን በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ቀንሰው የፍሬሙን ቁጥር ያብዙ።

ሰማዩን የሚከተል መቆሚያ ላላቸው ደግሞ በአገራችን አንድ የተለየ ችግር አለ። የመቆሚያው ምሰሶ (የሚዞርበት ዘንግ) በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መነጣጠር አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ይጋርደዋል፤ ለሌላውም የጎረቤት ፎቅ ወይም የአድማስ ጭጋግ ይሸፍነዋል። አንዳንድ መቆሚያዎችም እስከዚህ ዝቅ ብለው አይታጠፉም። በስልክ ኮምፓስ ብቻ ተነጣጥሮ የተነሳ ፎቶ ኮከቦቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተስበው የሚታዩት በዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ሽሽቱን እየለኩ ማስተካከል ነው፦ በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ መሐል ሰማይ ላይ ሲደርስ ለጥቂት ደቂቃ ይከታተሉት፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸ የመቆሚያው የግራና ቀኝ አቅጣጫ ተሳስቷል። ከዚያ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሌላ ኮከብ ይመልከቱ፤ እሱም ከሸሸ የምሰሶው ከፍታ መታረም አለበት። ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢወስድም የሌሊቱ ውጤት ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ኮከቦቹ ክብ ናቸው፤ ነገር ግን ወፍራምና ለስላሳ ናቸው

ምንጩ ፎከስ ነው። በካሜራው ስክሪን ላይ አንድ ደማቅ ኮከብ በደንብ አጉልተው በእጅ ያስተካክሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሙቀቱ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተስተካከለ ፎከስ እኩለ ሌሊት ላይ ሊለወጥ ይችላል፤ በየሰዓቱ መፈተሽ ይበጃል። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ኮከቦቹ ዙሪያቸውን ጭጋግ እየለበሱ ከሄዱ ደግሞ ሌንሱ ጤዛ ይዟል፤ በጨርቅ ከመጥረግ ይልቅ በሌንሱ ዙሪያ ለስለስ ያለ ሙቀት የሚሰጥ ማሞቂያ ማሰር ይሻላል።

ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል

ይህን ጉድለት ሰዎች እንደ ውበት ስለሚቆጥሩት ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። አንድ ወጣት የኦሪዮንን ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ልኮልኝ ነበር፤ ኮከቦቹ ፍጹም ክብ፣ ሰማዩ ድቅድቅ ጥቁር ነበር። ጨለማውን ከፍ አድርጌ ስመለከተው የኔቡላው ክንፎች በመቀስ እንደተቆረጡ በድንገት ያልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ የፒክስሎቹ ዋጋ ዜሮ ነው። የከተማውን ብርሃን ለመደበቅ ሲል ጥቁሩን ነጥብ፣ ማለትም ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር የሚሆንበትን መጠን፣ ወደ ቀኝ በመግፋቱ፣ ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዞ የመጣውን ስስ ብርሃን አብሮ ጥሎታል። ዜሮ የሆነ ፒክስል ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። ጥሬ ፍሬሞቹን አስልኬ እንደገና ሲደራረቡ ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ እዚያው ነበሩ። ሂስቶግራሙ (የፒክስሎቹን የብርሃን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) የግራውን ጠርዝ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ከ255 ውስጥ ሰማዩን ከ20 እስከ 30 ባለው ዋጋ ላይ መተው ለዓይንም ይስማማል፤ ስሱንም ብርሃን ያተርፋል።

አንዱ ጎን ቀልቷል፣ ማዕዘኖቹ ጨልመዋል

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከአንድ ጎን ተነስቶ እየሳሳ የሚሄድ ብርቱካናማ ብርሃን የከተማ መብራት ነው፤ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት እንጦጦ እንኳ የአዲስ አበባ ብርሃን እየደረሰበት ስለሆነ ነው በላሊበላ አካባቢ ለቴሌስኮፕ የሚሆን ጨለማ ቦታ ሲጠና የቆየው። በነፃ የሚገኘው ሲሪል የተባለው ፕሮግራም ይህን ብርሃን ለክቶ ይቀንሳል፤ መለኪያ ነጥቦቹን ግን ከኔቡላው ላይ ማስወገድ የግድ ነው፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ኔቡላውንም እንደ ከተማ መብራት ቆጥሮ ይጠርገዋል።

አራቱም ማዕዘኖች እኩል ከጨለሙ ወይም የአቧራ ክብ ጥላዎች ከታዩ ግን የጎደለው የፍላት ፍሬም ነው፤ ይህም እነዚህን ጥላዎች ለማረም እኩል ብርሃን ያለበት ነገር ላይ የሚነሳ ፎቶ ነው። ሊነጋ ሲል ፎከሱን ሳይነኩና ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ሳያላቅቁ፣ ነጭ ነጠላ ሁለት ድርብ አጥፈው ያለ መጨማደድ በሌንሱ አፍ ላይ ወጥረው፣ እኩል ብርሃን ወዳለበት ሰማይ አዙረው ከ20 እስከ 30 ፍሬም ያንሱ፤ የሂስቶግራሙ ጉብታ መካከል አካባቢ ይሁን። ፎከሱ ከተነካ ፍላቱ አይሠራም።

ኔቡላው የገረጣ ነው፣ ምስሉም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል

የኔቡላዎች ቀይ ብርሃን 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ሲሆን፣ በፋብሪካ የተሠራ ተራ ካሜራ ማጣሪያ አብዛኛውን ይከለክለዋል። ቀለሙን በኃይል ማድመቅ አሸዋውን ያደምቀዋል እንጂ የሌለውን ብርሃን አያመጣም። የሚያዋጣው ጊዜ ነው፦ 16 ፍሬም ሲደራረብ ጥራጥሩ (አሸዋ የሚመስለው ነጠብጣብ) ከአንድ ፍሬም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያንን እንደገና በግማሽ ለመቀነስ 64 ፍሬም ያስፈልጋል። ጥራጥሩ በሰያፍ ተሰልፎ እንደ ዝናብ ካፊያ ከታየ፣ በየጥቂት ፍሬሙ ካሜራውን በትንሹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ማዛወር ያጠፋዋል። ጥራጥሩን በማለስለሻ መሣሪያ ደጋግሞ መጥረግ ግን ኔቡላውን ፕላስቲክ ያስመስለዋል።

እኔ ጋ ያምራል፣ ሌላው ጋ ሲደርስ ይበላሻል

ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ ጥቃቅን ኮከቦች የሚጠፉትና በጨለማው ላይ ደረጃ ደረጃ መስመሮች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በፋይል መልክ ይላኩት። ቀለሙ ብቻ ከደበዘዘ ምስሉ ምናልባት አዶቤ አርጂቢ በተባለው የቀለም አቀማመጥ ተቀምጧል፤ ከመላክዎ በፊት አብዛኞቹ ስክሪኖች ወደሚያነቡት ወደ ኤስአርጂቢ ይለውጡት፤ ከዚያም የተላከውን ቅጂ በሌላ ሰው ስልክ ላይ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርገው ይመልከቱት።